ከሁለት ወር በኋላ የመጣ የስንብት ደብዳቤ፦ ልፈርም ወይስ አልፈርም?

የፈረቃ ኃላፊው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመፍተያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ በሥሬም 26 ሠራተኞች አሉ። ምክር የምጠይቃችሁ እንድፈርምበት የተሰጠኝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን ስላደረና እስከ ዓርብ መልስ እንድሰጥ ስለተነገረኝ ነው።

ጉዳዩ አንዲት የማሽን ኦፕሬተርን ይመለከታል። ስድስት ዓመት የሠራች፣ ክር ሲበጠስ ከሩቅ አይታ የምትደርስ፣ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ክር አቀጣጠል የምታስተምር ሠራተኛ ናት። ባለፈው ክረምት የቤት ኪራይ ሲጨመርባት ከፋብሪካው አጠገብ ተነሥታ የሠራተኛ ሰርቪስ የማይደርስበት ሰፈር ገባች። የጠዋቱ ፈረቃ ርክክብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ በጨለማ ተነሥታ እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሯ መውጣት ነበረባት። በዚህ ምክንያት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ 12 ድረስ 11 ጊዜ አርፍዳለች፤ አንዳንዱ ስምንት ደቂቃ፣ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነው። የጣት አሻራ መዝገቡ ሁሉንም ይዟል። ከታኅሣሥ 12 ወዲህ ግን ከጎረቤቷ ጋር ባጃጅ እየተጋሩ መምጣት ስለጀመሩ አንድም ቀን አላረፈደችም።

ማርፈዷ ቀላል ነገር ነበር አልልም። እርሷ እስክትደርስ ድረስ የሌሊት ፈረቃ የሠራችው ልጅ ማሽኑን ትታ መሄድ አትችልም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆማ፣ ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተጋገረ፣ በሩን በሩን እያየች ስትጠብቅ አይቻታለሁ፤ ቤቷ ሕፃን ልጅ አለ። ሆኖም እኔ ያደረግሁት በቃል መናገር ብቻ ነው። «እህቴ፣ እባክሽ ሰዓት አክብሪ፣ የሌሊቷ ልጅ እየተቸገረች ነው» እላታለሁ፤ እርሷም ይቅርታ ትጠይቃለች፤ በዚያው ያልፋል። በጽሑፍ አንድ ጊዜ እንኳ አላስጠነቀቅኋትም። እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ ሠራተኛን ወረቀት መስጠት ከብዶኝ ነው።

የካቲት 18 ቀን የሰው ሀብት ክፍሉ ጠራኝና የሥራ ውሏ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ወዲያውኑ፣ እንዲቋረጥ መወሰኑን ነገረኝ። የስንብት ደብዳቤው ዝግጁ ነው። ከእርሱ ጋር ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች አሉ፤ ጥቅምት 8፣ ኅዳር 5 እና ታኅሣሥ 3 ተጽፈው የተሰጡ መስለው በእኔ ስም ተዘጋጅተዋል፤ ከሥራቸውም «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም» ይላሉ። እንደዚህ ያለ ደብዳቤ በእነዚያ ቀናት አልነበረም። እኔን የሚጠይቁኝ ፊርማ ብቻ ነው።

ይበልጥ የረበሸኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያው የመዝገብ ማጠቃለያ ላይ በተመሳሳይ ጊዜ 14 ጊዜ ያረፈደ ሌላ ሠራተኛ ስም አለ፤ የአንድ መምሪያ ኃላፊ ዘመድ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እርሱን የጠየቀው የለም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥፋቱ በእርግጥ የተፈጸመ ከሆነና ማስጠንቀቂያው በቃል ተነግሯት ከሆነ፣ ወረቀቱን ዘግይቶ ማዘጋጀት ያን ያህል ስሕተት ነውን? ሁለተኛ፣ አልፈርምም ብል ነገሩን በምን መንገድ ላስኪደው? በወቅቱ ባለመጻፌ እኔም ጥፋተኛ እንደሆንሁ ስለማውቅ በሙሉ አፌ ለመናገር አፍራለሁ።

ጠበቃ ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ሳይፈርሙ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ በብዙ የሥራ ክርክር መዝገቦች ውስጥ ችግሩ የሚታወቀው ከተፈረመ በኋላ ነውና። በቅድሚያ ግን በምንም ዓይነት አይፈርሙ። ባልነበረ ቀን እንደተሰጠ ተደርጎ የሚዘጋጅ ማስጠንቀቂያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ በወንጀል የሚያስጠይቀውም በስሙ የፈረመውን ሰው ጭምር ነው። ነገ ችሎት ፊት ምስክር ሆነው ሲቀርቡና በመሐላ ሲጠየቁ ሰነዱን ያዘጋጀው ክፍል አብሮዎት አይቆምም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሠራተኛ የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እነርሱን እዚህ አልጨምርም። የአዋጁ አንቀጽ 27 አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ውል ሊያቋርጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የሚጀምረው በማርፈድ ነው። ሆኖም ሕጉ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ይሰናበት ብሎ አልተወውም፤ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈዱ፣ ስለ ጉዳዩም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ማርፈዱ፣ ሁለቱም አብረው እንዲገኙ ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ መልስ ይህ ነው፦ 11 ጊዜ ማርፈዷ የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በወቅቱ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እርሱ ከሌለ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በቂ ምክንያት አልተሟላም። ሕግ አውጪው ጽሑፍን የፈለገው ለማስረጃነት ብቻ አይመስለኝም። በጽሑፍ የተነገረው ሰው እንጀራው አደጋ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ በቃል የተነገረው ግን አለቃዬ ትንሽ ተቆጣ ብሎ ያልፋል። የማረም ዕድል የሚባለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ያለው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜው ጉዳይ ሲሆን ብዙ አሠሪዎች የሚሸነፉትም በዚህ ነው። በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት አሠሪው በጥፋቱ ምክንያት ውሉን የማቋረጥ መብቱ፣ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሩ ከሆነ 30 የሥራ ቀን አምስት ሳምንት ነው። ከመጨረሻዋ ማርፈድ ከታኅሣሥ 12 ብንነሣ፣ ገናንና ጥምቀትን ቀንሰን እንኳ ጥር 20 ገደማ ያበቃል። ድርጅቱ «እኔ ያወቅሁት የወሩ ማጠቃለያ ሲደርሰኝ ነው» ብሎ ከጥር 1 ጀምሮ ይቆጠርልኝ ቢል ደግሞ የካቲት 8 ገደማ ላይ ያልቃል። እርስዎ የተጠሩት የካቲት 18 ነው። በሁለቱም ስሌት ጊዜው አልፏል። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚካረረው «አሠሪው ከመቼ ጀምሮ አወቀ» በሚለው ላይ ነው፤ የጣት አሻራ መዝገብ በየወሩ ለደመወዝ የሚሠራበት ድርጅት ግን አላወቅሁም ለማለት ይቸገራል።

ድርጅቱ ይህን ትቶ ቢያሰናብታት ምን ይገጥመዋል? ሠራተኛዋ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ሥራ ልመለስ ብላ ክስ ማቅረብ ትችላለች፤ ሦስት ወሩ ካለፈ ግን ይህ ጥያቄዋ በይርጋ ይታገዳል፤ ስለዚህ ቢደርስባት ሳትዘገይ እንድትንቀሳቀስ ይንገሯት። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ከሕግ ውጭ ነው ካለ ወደ ሥራ እንድትመለስ ሊወስንና እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈላት ሊያዝ ይችላል፤ በይግባኝ ከጸና እስከ አንድ ዓመት ይደርሳል። ካልተመለሰች ደግሞ የቀን ደመወዟ በ180 ተባዝቶ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። ለማኔጅመንቱ ሲያስረዱ ይህን ስሌት ቢያሳዩአቸው ከምክር ይልቅ ይሰማል።

ማንም የማያነሣውን አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 158ኛው ስምምነት፣ ሠራተኛ በጠባዩ ወይም በሥራ ውጤቱ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ስለቀረበበት ክስ ራሱን እንዲከላከል ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የጸደቁ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። እስካሁን ድረስ ያቺን ልጅ «ለምን አረፈድሽ?» ብሎ በጽሑፍ የጠየቃት ሰው አለን? ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት የለም።

የሰው ሀብት ኃላፊ (ሆቴል)

ከጠበቃው ወንድማችን ጋር በሕጉ ላይ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው መዘግየቱ በተግባር ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ምክንያቱም በክፋት የሚዘገይ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው የሚዘገየው ማንም ሰው ጉዳዩን በእጁ መያዝ ስለማይፈልግ ነው።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ሆቴል አንድ የማታ ገንዘብ ተቀባይ ላይ የሒሳብ ጉድለት ተገኘ። በዚያው ቀን ከሥራ ታገደ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው አምስት አባላት ነበሩት፤ አንዱ ዓመት ፈቃድ ወጣ፣ አንዱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፣ ሰብሳቢው ደግሞ «ኦዲት ይጨርስና» እያለ ቀጠሮ አሸጋገረ። አዋጁ ከስንብት በፊት የሚደረግ እገዳ ከ30 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ሲል እኛ ሦስት ወር አስቀመጥነው። ልጁ በየሳምንቱ ሰኞ እየመጣ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ «ተወሰነልኝ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለታዘዘ ጥበቃው በስልክ ይደውልልኝና እኔ «ገና ነው በለው» እላለሁ። ከሰኞዎቹ በአንዱ ዝናብ ነበር። ከመስኮቴ ሳየው የደንብ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል፤ «ዛሬ ግባ ካሉኝ» ብሎ ይዞት መጥቶ ኖሯል።

ኦዲቱ ሲያልቅ ጉድለቱ የተፈጠረው ከእርሱ በኋላ የገባው ፈረቃ አንድ የክፍያ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ስለመዘገበ መሆኑ ታወቀ። ደብዳቤ ጽፈን ጠራነው፤ የታገደበትም ደመወዝ ተከፈለው፤ እርሱ ግን አልተመለሰም። ጉዳዩ ትክክለኛ ውሳኔ አግኝቶ ሳለ ሰውየውን አጣን። ከዚያ ወዲህ ነው አሠራራችንን የለወጥነው። አሁን አንድ ነገር ሲከሰት የቅርብ ኃላፊው በዚያው ዕለት ያየውን ብቻ፣ አስተያየት ሳይጨምር፣ በግማሽ ገጽ ይጽፋል። በማግስቱ ለሠራተኛው ምን እንደተባለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጠውና በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ መጻፍ የሚቸገር ከሆነ የመረጠው ሰው ይጽፍለታል። ኮሚቴው አንድ አባል ቢጎድል የሚተካው ሰው ስሙ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ ማህደር ሽፋን ላይም 30ኛው የሥራ ቀን የሚውልበት ቀን በቀይ ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ከሁሉም ይልቅ ረድቶናል።

በአንድ ነጥብ ግን ከጠበቃው እለያለሁ። 30 ቀኑ ለማርፈድና ለጠብ ይበቃል፤ ለሒሳብና ለንብረት ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ፍጥነት የሚሹ ኃላፊዎችም ጊዜው እንዳያልፍ ብለው ምርመራው ሳያልቅ ሲያሰናብቱ አይቻለሁ። ችኮላም እንደ መዘግየት ሰው ይበድላል። መፍትሔው አሠሪው በመጀመሪያው ሳምንት መመርመር መጀመሩ ነው እንጂ በ28ኛው ቀን መሮጡ አይደለም።

ለጠያቂው፦ «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም» የሚለው ሐረግ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። በእኛ ዘንድ ሠራተኛ ደብዳቤ አልቀበልም ሲል ሁለት ምስክሮች ስማቸውንና ፊርማቸውን ከነሰዓቱ ያኖራሉ። እነዚያ ሦስት ደብዳቤዎች ላይ ምስክር አለን? ከሌለ ማንኛውም ዳኛ የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ይሆናል።

ባለ ወርክሾፕ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በአሠሪ በኩል ያለውን ደግሞ ልናገር። የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ፤ 14 ሠራተኞች አሉኝ፤ የሰው ሀብት ክፍል የለኝም፤ ጸሐፊም ሒሳብ ሠራተኛም አንዲት ልጅ ናት። አንድ በያጅ ሲያረፍድ ሁለት ረዳቶች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ደንበኛው በሩ በዕለቱ እንዲገጠምለት እየጠበቀ ነው። ሕጉ ስለ ሠራተኛው ያስባል፤ ደግ ነው፤ ሰዓት አክብሮ የመጣው ሠራተኛስ? የሌሊቷ ልጅ ላይ የደረሰውን በደል ማን ቆጠረላት?

ነገር ግን ጽሑፉን ካነበብሁ በኋላ ራሴን መጠየቄ አልቀረም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ በያጄን አሰናብቼ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ሲያረፍድ አልጻፍሁለትም፤ የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱ ከባለቤቴ ጋር ማኅበር ይጠጣሉ፤ ወረቀት ብሰጠው እንደ ጠላትነት ይቆጠርብኛል ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። ንዴቱ ግን ውስጤ ይከማች ነበር። አንድ ቀን ትልቅ ሥራ አበላሸና ሰባት ወር ያጠራቀምሁትን በአንድ ጠዋት አወረድሁበት፤ «ከዛሬ ጀምሮ አትምጣ» አልሁት። እርሱ እንደ ድንገት አየው። ለእኔ ድንገት አልነበረም፤ ለእርሱ ግን ነበር።

የምጠይቀው፣ እንደ እኔ ላለ ትንሽ ድርጅት ኮሚቴና ቃለ ጉባኤ ሳያስፈልግ ምን ይበቃል?

ጠበቃ ከአዲስ አበባ

ለባለ ወርክሾፑ፦ ሕጉ ኮሚቴ አቋቁም አይልዎትም። ቀኑና ሰዓቱ፣ ምን እንደሆነ፣ ለወደፊት ምን እንደሚጠበቅና ካልተስተካከለ ምን እንደሚከተል በአምስት መስመር ተጽፎ፣ ሠራተኛው ሐሳቡን ከሥሩ ጽፎ የፈረመበት ወረቀት ይበቃል። ግልባጩን ይስጡት። የወረቀቱ ጥንካሬ በዕለቱ መጻፉ ነው። ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት ባይኖርም፣ በማስጠንቀቂያ ጊዜ ውል የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች በሕጉ አሉ፤ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ንዴት ምክንያት አይሆንም።

የማኅበር ሰው

እኔ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር አመራር ነኝ፤ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥም ሠራተኛውን ወክዬ ለብዙ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ሁላችሁም ስለ ጊዜው በደንብ ተናግራችኋል፤ 14 ጊዜ ስላረፈደው ሰው ግን ማንም አላነሣም። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እርሱ ነው።

በፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ሕግ አንብቦ አይደለም ፍርድ የሚሰጠው። ምሳ ሰዓት ላይ ትሪው ዙሪያ ተቀምጦ ያወዳድራል። እገሌ ይህን አደረገ፣ ምን ሆነ? እገሊት ያን አደረገች፣ ምን ሆነች? 11 ጊዜ ያረፈደችው ተሰናብታ 14 ጊዜ ያረፈደው ሳይነካ ሲቀር፣ ለአንዱ ልጅ ለአንዱ የእንጀራ ልጅ መሆኑን ካንቲን ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያው ቀን ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ሁሉ፣ ትክክለኛው ሳይቀር፣ በዝምድና ዓይን ነው የሚታየው። ጥፋትን መቅጣት ከባድ የሚሆነው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ይህ ነው፤ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እንዳይቀጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጠያቂው ደመወዟ ተቆርጦ እንደሆነ አልነገሩንም። ያልሠራችው ደቂቃ ብቻ ሳይከፈል ቀርቶ ከሆነ እርሱ ቅጣት አይደለም፤ ላልተሠራ ሥራ ደመወዝ የለም። በስምንት ደቂቃ የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆርጦ ከሆነ ግን ያ ቅጣት ነው፤ ቅጣት ከሆነ ደግሞ በሥራ ደንቡ ወይም ማኅበሩና አሠሪው በተዋዋሉት የኅብረት ስምምነት የተጻፈ መሆን አለበት፤ ከወር ደመወዟ የሚቆረጠውም ተደምሮ ከአንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። በዚህ የተቀጣችበትን ጥፋት መልሶ ለስንብት ማንሣት በእኛ ኮሚቴ ቢቀርብ አንቀበለውም።

የኅብረት ስምምነታችሁንም ይመልከቱት፤ ብዙዎቹ የማስጠንቀቂያ ዕድሜ ይወስናሉ፤ በእኛ ስምምነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከስድስት ወር በኋላ አይጠቀስም። ማኅበር ካላችሁ ዛሬውኑ ለተወካዩ ይንገሩት። የሚፈሩት ለራስዎ ከሆነ ደግሞ፣ ኃላፊ መባልዎ ብቻ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ አያደርግዎትም፤ ከአዋጁ ውጭ የሚሆነው የሥራ መሪ ነው፤ ያም የሚለየው በመጠሪያው ሳይሆን የመቅጠር፣ የማሰናበትና የዲሲፕሊን እርምጃ የመውሰድን ዓይነት ሥልጣን በእርግጥ በእጁ በመያዙ ነው።

በመጨረሻም ስለ ሰርቪሱ ጠይቁ። በአንድ ሰፈር የገቡ ስንት ሠራተኞች አሉ? እኛ ዘንድ የሦስት ሰዎች ማርፈድ የተፈታው ሹፌሩ መንገዱን በአራት ደቂቃ እንዲያስረዝም በመደረጉ ነው።

የፈረቃ ኃላፊው (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘግይቼ የመለስሁት ነገሩ ሲረጋ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አልፈረምሁም። ሐሙስ ማታ ለሰው ሀብት ክፍሉ አንድ ገጽ ጻፍሁ፤ ግልባጩን ለማኅበሩ ተወካይ ሰጠሁ። ሦስቱ ማስጠንቀቂያዎች በተጻፈባቸው ቀናት እንዳልተሰጡ፣ በቃል ብቻ እንደነገርኋትና በጽሑፍ አለማስጠንቀቄ የእኔ ጥፋት እንደሆነ፣ ከታኅሣሥ 12 ወዲህም አለማርፈዷን ገለጽሁ። የሁለቱንም ሠራተኞች የሰዓት ማጠቃለያ አያያዝሁ። ጠበቃው የጻፉትን የቀን ስሌትና የውዝፍ ደመወዙንም ጨመርሁ። እንደተባለውም፣ ሥራ አስኪያጁ ሲያነብ የቆመው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ሰኞ ኮሚቴው ተቀመጠ። የስንብት ደብዳቤው ተሰረዘ፤ ሦስቱ ወረቀቶች ከማህደሯ ወጡ። አንድ አባል «እንግዲያው አሁን የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት» ብለው ነበር፤ የማኅበሩ ተወካይ ግን ከሁለት ወር በፊት ለቆመ ጥፋት ዛሬ ማስጠንቀቅ ምን ያርማል ብሎ ተከራከረና ሐሳቡ ቀረ። የተቆረጠ ደመወዝ መኖሩንም ጠየቅሁ፤ ያረፈደችበት ደቂቃ ብቻ ነው የተቀነሰው። የሌሊት ፈረቃዋን ልጅ በተመለከተ፣ ከአሁን በኋላ ተረካቢ ሳይመጣ ለቆየችበት ጊዜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲታሰብላት ተወስኗል፤ ባለ ወርክሾፑ ያነሡት ጥያቄ ነው ይህን ያስታወሰኝ።

ውሳኔውን የነገርኋት እኔ ነኝ። ከማሽኖቹ ጫጫታ ወጥተን መተላለፊያው ላይ ቆምን። የስንብት ደብዳቤ ተጽፎላት እንደነበር አታውቅም ነበር፤ ስነግራት ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ይህን ያህል የሚያስጠይቅ ከሆነ ያኔ ለምን አልጻፉልኝም? ባጃጁን እኮ ጥቅምት ላይ መፈለግ እችል ነበር።» መልስ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

14 ጊዜ ያረፈደው ሠራተኛ አሁንም ያረፍዳል፤ ባለፈው ማክሰኞ 22 ደቂቃ አርፍዶ ገባ። በዚያው ዕለት ጽፌ ሰጠሁት፤ ምክንያቱን ከሥሩ ጽፎ ፈረመ። የመምሪያ ኃላፊው ስልክ ደውለው ነበር፤ ግልባጩን ልኬላቸዋለሁ። የሰርቪሱን መንገድ በተመለከተ በዚያ ሰፈር የገቡ ሰባት ሠራተኞች ስም ይዤ ነገ ከትራንስፖርት ክፍሉ ጋር እነጋገራለሁ።